ከጎንደር እስከ ጆርጂያ አቬኑ፦ ስለ ኃይሌ ገሪማ የተደረገ ምልልስ

ኃይሌ ገሪማ በዓለም የፊልም ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ኢትዮጵያውያን ዳይሬክተሮች ቀዳሚው ናቸው። አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት አሜሪካ ነው፤ ፊልሞቻቸው ግን ደጋግመው ወደ ተወለዱበት አገር ይመለሳሉ። የሚከተለው ምልልስ በሕይወታቸውና በሥራቸው ላይ የተደረገ ነው፤ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ አንድ አዛውንትና ፊልም የምታጠና የዚያው ሰፈር ልጅ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ስለ ኃይሌ ገሪማ የተጻፈውን ሳነብ ሁሉም ወሬውን ከሎስ አንጀለስ ይጀምረዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ሕይወታቸው ለፊልሙ ያዋጣው ነገር የለም?

መጽሐፍ ሻጩ፦ ከጎንደር ያልጀመረ ሰው ፊልሞቹን አይረዳቸውም፣ ልጄ። የተወለዱት የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ጎንደር ነው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ጸሐፊና የቴአትር ሰው ነበሩ። ጎንደሬዎች ከጣሊያን ጋር ያደረጉትን ተጋድሎ «ጎንደሬ በጋሻው» በሚል መጽሐፍ ጽፈው አቆይተዋል። መጽሐፉ ዛሬም ፈላጊው ብዙ ነው፤ እዚህ መደርደሪያ ላይ ከወጣ አያድርም። ተውኔትም እየጻፉ ከቦታ ቦታ ይዞሩና ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። እንግዲህ ልጁ መድረክን ያወቀው ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም፤ ከቤቱ ነው። ማታ ማታ እሳት ዳር ተረትና የጦር ወሬ እየሰማ ነው ያደገው። በኋላ የሠሯቸው ፊልሞች ውስጥ የሚያወጉ አሮጊቶች፣ የሚፎክሩ ሽማግሌዎች፣ የአርበኝነት ትዝታ የማይለቃቸው ሰዎች የሚበዙት ለዚህ ነው።

ተማሪዋ፦ ፊልምስ? ያኔ ከውጭ የሚመጣውን ነው የሚያዩት።

መጽሐፍ ሻጩ፦ እሱን ራሳቸው በየቃለ መጠይቁ ይናገሩታል። ነጩን ጀግና ታርዛንን እያዩ ነው ያደጉት። አፍሪካውያኑ ከኋላው ተደብቀው ሲመጡበት፣ እነ ኃይሌ «ኧረ ተጠንቀቅ!» ብለው ለታርዛን ይጮሁለት ነበር። ይኼ ጎንደር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። እዚህ መርካቶም ሲኒማ ራስ ገብቶ ለካውቦዩ ያላጨበጨበና ቀይ ሕንዱ ሲወድቅ ደስ ያላለው ልጅ ማን ነበር? ልዩነቱ እሳቸው በኋላ ቁጭ ብለው ማሰባቸው ነው። አንድ ልጅ የራሱን መልክ በያዘ ሰው ላይ ተነሥቶ እንዲጮህ ያደረገው ምንድን ነው? የዕድሜ ልክ ሥራቸው ለዚህች ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተማሪዋ፦ ታዲያ አገር የለቀቁት ተሰደው ነው ወይስ ለትምህርት?

መጽሐፍ ሻጩ፦ ለትምህርት ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ቴአትር ሊማሩ ቺካጎ፣ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። የወጡት ሊመለሱ ነበር፤ የዚያ ዘመን ተማሪ ሁሉ እንደዚያው ነው። ስደተኛ ያደረጋቸው በኋላ አገሪቱ ላይ የመጣው ነገር ነው። አብዮቱ ፈነዳ፣ ሥልጣኑ ወታደሮቹ እጅ ገባ፣ ቀይ ሽብር መጣ፤ ሊመለስ ሻንጣውን ያዘጋጀ አንድ ትውልድ በየሄደበት ቀረ።

ተማሪዋ፦ ቺካጎ ያገኙትስ የጠበቁትን ነው?

መጽሐፍ ሻጩ፦ አይደለም። ጎንደር ላይ ማንም ሰው ጥቁር ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። ቺካጎ ላይ ግን መጀመሪያ የሚታየው ጥቁርነታቸው ሆነ። መድረክ ላይም ለጥቁር ተማሪ የሚሰጠው ገጸ ባሕርይ አሽከር ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ኩራት ተሸክሞ የመጣ ወጣት ይኼን እንዴት ይቀበል? ጊዜው ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉበት፣ ጥቁር አሜሪካውያን አደባባይ የወጡበት ነው። ትግላቸውን የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ብለው አላለፉትም። በ1970 እ.ኤ.አ. ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገሩና ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከቴአትር ወደ ፊልም ዞሩ።

ተማሪዋ፦ «የኤል ኤ አመፅ» የሚባለው የፊልም ሠሪዎች ስብስብ የተፈጠረው እዚያ ነው አይደል?

መጽሐፍ ሻጩ፦ ስሙ በኋላ ነው የወጣለት። ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ውድቤሪ፣ ላሪ ክላርክ፣ ቤን ካልድዌል፣ እነዚህ ሁሉ እዚያው የተማሩ ናቸው። አንዱ ለአንዱ ካሜራ ይይዛል፣ አንዱ በሌላው ፊልም ላይ ይሠራል። የኩባንና የብራዚልን ፊልም እያዩ ሆሊውድ ያልተከተለው መንገድ መኖሩን ያወቁትም እዚያ ነው። አንድ ሌላ ኢትዮጵያዊም ነበሩ፦ ተሾመ ገብርኤል። ስለ ሦስተኛው ዓለም ሲኒማ በ1982 ያወጡት መጽሐፍ የዘርፉ መነሻ ሆኖ በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። እስከ ሞቱበት እስከ 2010 ድረስ እዚያው አስተማሩ። አንዱ ኢትዮጵያዊ ፊልሙን ሲሠራ ሌላው ንድፈ ሐሳቡን ይጽፋል፤ ሁለቱም ከአገራቸው ውጭ። ይኼን የሚያስተምር ሰው እዚህ ቢበዛ እንዴት ደግ ነበር።

ተማሪዋ፦ «ቡሽ ማማ» የተባለውን ፊልማቸውን አይቻለሁ። አጀማመሩ ላይ ፖሊሶች ሰዎችን ሲፈትሹ ይታያል። የተቀናበረ መስሎኝ ነበር።

መጽሐፍ ሻጩ፦ የእውነት ነው። የሚፈተሹት የፊልሙ ሠራተኞች ናቸው። ጥቁር ወጣቶች መሣሪያ ተሸክመው ሰፈር ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ያየ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አስቁሟቸው ነው። ካሜራው ይሽከረከር ስለነበር ቀረጸው፤ ኃይሌም የፊልሙ መግቢያ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ዶሮቲ የምትባለውን ሴት እንከተላለን። ባሏ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ፣ ባልሠራው ወንጀል የታሰረ ነው። እሷ ነፍሰ ጡር ናት፤ የድጎማ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ፅንሱን አስወርጂ እያሉ ያስጨንቋታል። ያን ሁሉ መከራ ተሸክማ በምትኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ ልጅና ጠመንጃ የያዘች የአፍሪካዊት ታጋይ ሥዕል አለ። ፊልሙን ሳየው ሁልጊዜ የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ፦ አገሩን ከለቀቀ ጥቂት ዓመት የሆነው ሰው የሌላ ሕዝብ ችግር ውስጥ እንዲህ ዘልቆ መግባቱ። እንግዳ ሆኖ ዳር ቆሞ አልተመለከተም።

ተማሪዋ፦ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። አማርኛ ነው፣ ገጠር ነው፣ ዝግ ያለ ነው።

መጽሐፍ ሻጩ፦ እሱ ላይ ቆይተን እንነጋገር፤ ይገባዋል። የተቀረጸው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዘውዱ በሚንገዳገድበት ዓመት። ገና ተማሪ ናቸው። ለዕረፍት መጥተው በሁለት ሳምንት ውስጥ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጹት። አብዛኞቹ ተዋንያን ከዚያ በፊት ካሜራ ፊት ቆመው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሙዚቃው የተስፋዬ ለማ ነው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ተማሪዋ፦ በሁለት ሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል?

መጽሐፍ ሻጩ፦ አዎ። ግን ሲያዩት ጥድፊያው አይታወቅም። ጎሕ ሲቀድ ነው የሚጀምረው። ቤተሰቡ ይነሣል፣ በሬ ይጠመዳል፣ ሴቶቹ ሥራ ይጀምራሉ፣ ልጅቱ ከብት ይዛ ትወጣለች። ባለርስቱ ኮፍያውን ደፍቶ ተቀምጦ ይሳደባል። ካሜራው አይቸኩልም። ገበሬው ከሩቅ ተነሥቶ እስኪደርስ ድረስ ይጠብቀዋል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን መንገዱን ቆርጦ በሩ ላይ ያደርሰው ነበር፤ እዚህ ግን መንገዱ ራሱ ነው ድካሙን የሚነግርሽ። ከብት ጠባቂዋ ልጅ ላይ የሚደርሰውን ታስታውሻለሽ?

ተማሪዋ፦ ወንዙ ሞልቶ የባለርስቱን ላም ለማዳን ስትል ትወሰዳለች።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ለሰው ላም። የሥርዓቱ ግፍ ሁሉ እዚያች ላይ ተጨምቋል፤ ንግግር አያስፈልገውም። ከዚያ ከበበ አለ፤ እብድ የሚሉት ሰውዬ። በጦርነት አገሩን አገልግሎ መሬቱን የተነጠቀ ነው። ሁሉም ዝም ሲል የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፤ በመጨረሻም ባለርስቱን በዱላ ይገድለዋል። ልብ በይ፣ ፊልሙ ሲቀረጽ የመሬት አዋጁ አልወጣም ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ 29ኛ ዓመታቸውን የደፈኑበት ቀን ማለት ነው። ሲገጣጠም እንዲህ ነው።

ተማሪዋ፦ ውጭ አገር ተቀባይነቱስ?

መጽሐፍ ሻጩ፦ በ1976 ወጥቶ ሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ። ከዓመታት በኋላ ማርቲን ስኮርሴዚ የሚመራው የዓለም ሲኒማ ተቋም ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ አሳድሶታል። ኃይሌ ራሳቸው ግን ፊልሙ ሲወጣ ተመልሰው አሜሪካ ገብተው ነበር። በ1975 ዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። እዚያ ለአሥርታት አስተምረዋል። «ሰልማ»ንና «አራይቫል»ን በካሜራ የቀረጸው ብራድፎርድ ያንግ የእሳቸው ተማሪ ነው፤ ፊልም ሠሪው አርተር ጃፋም እንደዚሁ።

ተማሪዋ፦ በመካከል ያሉትን እያለፍናቸው ነው።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ባጭሩ ላንሣቸው። ሰሜን ካሮላይና ስለታሰሩት አሥር የመብት ታጋዮች ዘጋቢ ፊልም ሠሩ። በ1982 «አመድና ፍም» ሊባል የሚችለውን፣ ከቬትናም ተመልሶ ራሱን ስላጣ ወታደርና ስለ አያቱ የሚናገረውን ፊልም አወጡ። ገጣሚው ስተርሊንግ ብራውን ላይም ዘጋቢ ፊልም አላቸው። ብዙ ሰው ዘንድ ያደረሳቸው ግን በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» ነው። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል በጋና ባሕር ዳርቻ ባለ የባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ፎቶ ስትነሣ ትቆይና፣ ድንገት ራሷን ባሪያ ሆና በእርሻ ላይ ታገኛለች። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዓመታት ፈጅቷል፤ ከሆሊውድ ሳይሆን ከጀርመን፣ ከጋና፣ ከቡርኪና ፋሶ ነው የተገኘው።

ተማሪዋ፦ በርሊን ላይ ተወዳድሮ አልነበረም?

መጽሐፍ ሻጩ፦ ተወዳድሯል። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፋ። እዚህ ላይ ነው ሰውየው የሚለዩት። ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር፣ እሷም ፊልም ሠሪ ናት፣ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው ማሳየት ጀመሩ። ወሬው በቤተ ክርስቲያንና በማኅበር እየተላለፈ፣ ሕዝቡ እየተሰለፈ፣ ፊልሙ ከከተማ ከተማ ዞረ። ነጋዴ ሰፈር ነውና የምንኖረው ይገባሻል፦ ዕቃ ማምረት አንድ ነገር ነው፣ ማከፋፈያው በሰው እጅ ከሆነ ግን ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው። ከዚያው ገቢ ነው በጆርጂያ አቬኑ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የሚባለውን የመጻሕፍትና የፊልም መደብር የከፈቱት። እስካሁን አለ።

ተማሪዋ፦ ስለ ሦስት ማዕዘን ሲኒማ በጻፉት ጽሑፍ ላይ ያነሡት ሐሳብ ከዚህ ጋር ይሄዳል ማለት ነው?

መጽሐፍ ሻጩ፦ በትክክል። ፊልም ሠሪው፣ ተመልካቹ፣ ተቺውና አንቂው፣ ሦስቱ ካልተያያዙ ሲኒማ አይቆምም ይላሉ። ጽሑፉ ላይ ድንቅነሽንና ሉሲን ያነሣሉ፤ አንዲት አጽም ማን ስም እንዳወጣላትና ታሪኳን ማን እንደሚናገረው። ተመልካች የሌለው ፊልም ሠሪ ስደተኛ ነው፤ በአገሩ ቢቀመጥም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልና አይቆጡኝ። ይኼን ሁሉ ስሰማ ስደቱ ዕድል የሆነላቸው ነው የሚመስለኝ። ባይወጡ «ቡሽ ማማ» የለም፣ «ሳንኮፋ» የለም። በደርግ ዘመን እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ምን ይሠሩ ነበር?

መጽሐፍ ሻጩ፦ አልቆጣም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ግን ቁጠሪ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» 1976 ነው። ቀጣዩ የአማርኛ የልብ ወለድ ፊልማቸው «ጤዛ» 2008 ነው። መካከሉ 32 ዓመት። አንድ ዳይሬክተር በጉልበቱና በሙሉ አቅሙ ላይ ሳለ በራሱ ቋንቋ ልብ ወለድ ሳይሠራ 32 ዓመት አለፈው። በመካከል መጥተው በ1990ዎቹ ሁለት ዘጋቢ ፊልሞች ሠርተዋል። አንዱ ከፖላንዱ ጋዜጠኛ ከካፑሺንስኪ ጋር አገሪቱን እየዞሩ ከደርግ በኋላ ያለውን የሚያዩበት ነው፤ ሌላው በ1999 የወጣው የአድዋው ነው። ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። ግን ስንት የአማርኛ ፊልም ሳይሠራ እንደቀረ ማን ይንገረን? ስደት የሚያይ ዓይን ሰጣቸው፤ ዘመኑን ግን ወሰደባቸው። ዕድል አልለውም።

ተማሪዋ፦ «ጤዛ»ም ራሱ ያንን ነው የሚናገረው።

መጽሐፍ ሻጩ፦ አንበርብር የሚባል ሐኪም ነው፤ አሮን አረፈ ነው የተጫወተው። ጀርመን ተምሮ፣ ሕዝቤን በሕክምና እረዳለሁ ብሎ በደርግ ዘመን ተመለሰ። አብዮቱን ተስፋ ያደረገ ሰው አብዮቱ ጓደኛውን ተስፋዬን ሲገድለው አየ። ከዚያ ምሥራቅ ጀርመን ተላከ፤ ዘረኞች ደብድበው በመስኮት ወረወሩት፣ አንድ እግሩን አጣ። በመጨረሻ ጣና አጠገብ ወዳለው መንደሩ ወደ እናቱ ይመለሳል። የሆነውን አያስታውስም፤ ሌሊት ይባንናል። እናቱ ጠበል ትወስደዋለች። መንደሩ ደግሞ ልጆቹን ለጦርነት ከሚያፍሱት ወታደሮች ለመሸሸግ ዋሻ ውስጥ ይደብቃል። ከኮረብታው ላይ ጣሊያን ያቆመው የሙሶሊኒ ሐውልት ቅሪት አለ፤ ልጆች ይጫወቱበታል።

ተማሪዋ፦ ታሪኩ ወደፊት ወደኋላ የሚመላለሰው ሰውየው ስላልተረጋጋ ነው እንዴ?

መጽሐፍ ሻጩ፦ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ስደተኛ በተርታ አያስታውስም። ጎንደር እያለ ጀርመን ይመጣበታል፣ ጀርመን እያለ ጎንደር። ፊልሙም እንደዚያው አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ይቀላቅላል። ካሜራውን የያዘው ጣሊያናዊው ማሪዮ ማሲኒ ነው፤ ሙዚቃው የቪጄይ አየርና የጆርጋ መስፍን ነው። ከአዘጋጆቹ አንዷ እኅታቸው ሰሎሜ ገሪማ ናት። ሲወጣ ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አገኘ፤ ካርቴጅ ላይ የወርቅ ታኒትን፣ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ፊልሙን ለማድረስ 14 ዓመት ያህል ወስዶባቸዋል።

ተማሪዋ፦ ይኼ ስደት የእሳቸው ብቻ አይደለም። ፊልም ሠሪዋ ሳሌም መኩሪያም አለች።

መጽሐፍ ሻጩ፦ በደንብ አነሣሻት። ሱዳን ስለነበሩ ስደተኛ ሴቶች የሠራችው ዘጋቢ ፊልም 1991 ላይ የወጣ ነው። «የወንዝ ማዕበል» ደግሞ በቀይ ሽብር ዘመን ስለጠፋው ወንድሟ ነው። የማነ ደምሴም ኃይሌ በተማሩበት በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ስለ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የሚናገር ፊልም ሠርቷል። የዚያ ትውልድ ታሪክ በፊልም የተጻፈው አብዛኛው ባሕር ማዶ ነው።

ተማሪዋ፦ አሁንስ ሰዉ ኃይሌን አስታወሳቸው?

መጽሐፍ ሻጩ፦ በ2021 የአካዳሚው ሙዚየም ሎስ አንጀለስ ሲከፈት ቫንቴጅ የተባለውን ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ አድርጓቸዋል። በዚያው ዓመት የዳይሬክተር አቫ ዱቨርኔ ኩባንያ «ሳንኮፋ»ን አሳድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም አቀረበው። አሜሪካ ውስጥ አንድም አከፋፋይ ያልነካው ፊልም፣ ከ28 ዓመት በኋላ። እሳቸው ደግሞ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስለወረረበት ዘመን በሚናገር ረጅም ዘጋቢ ፊልም ላይ ብዙ ዓመት ደክመዋል። የአባታቸው መጽሐፍ የተጻፈበት ጉዳይ ማለት ነው።

ተማሪዋ፦ እኔ «ምርት»ን ያየሁት በስልኬ ነው፣ ጋሼ። ያ የገበሬው ረጅም መንገድ በመዳፍ ልክ።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ለመዳፍ የተሠራ ፊልም አይደለማ። የአማርኛ ፊልም ነው፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ፊልም ነው፤ የታደሰውም ቦሎኛ ነው። አዳራሽ ያላችሁ፣ ፊልም የምታስተምሩ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ የያዛችሁ ሁሉ፦ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቂ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የሚፈጀው። አስፈቅዱና በትልቅ ሸራ ለሕዝቡ አሳዩት።